እጁን ሳይነግረኝ ለቀቀኝ፦ እናንተስ ዋና እንዴት ለመዳችሁ?

ጥያቄውን እዚህ የውይይት መድረክ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። አጭር ነበር፦ ዋና ስትለምዱ ማን ያዛችሁ? ውሃ ትፈሩ ከነበረስ ፍርሃቱ በምን ለቀቃችሁ? ከሥሩ የራሴን ታሪክ አያያዝኩበት። አሥር ሰው ቢመልስልኝ ብዬ ነበር፤ 43 ምላሽ መጣ። ሁሉንም ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ክሩ፣ ማለትም የጥያቄውና የምላሾቹ ሰንሰለት፣ በጣም ስለረዘመ፣ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲቀለው የተባባልነውን በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የእኔን። የ7 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አጎቴ ገንዳ ውስጥ በሆዴ አስተኝቶ መዳፉን ከሥሬ ዘረጋልኝ። አልለቅሽም አለኝ። አመንኩት። እግሬን እያንፈራገጥኩ ትንሽ ሄድን። ከዚያ ሆዴ ላይ የነበረው ሙቀት ድንገት ጠፋ። መዳፉ ያረፈበት ቦታ ብቻ ለብቻው ቀዘቀዘ። ያንን ቅዝቃዜ እስከዛሬ አልረሳሁትም። ውሃው በአፍንጫዬ ገብቶ ከዓይኔ ጀርባ አቃጠለኝ። ብርሃኑ ይወዛወዛል። ላይና ታቹ ጠፋኝ። የሚገርመው ውሃው ከደረቴ አያልፍም ነበር። ብቆም እተነፍስ ነበር። መቆም ግን አልቻልኩም። አጎቴ ወዲያው አነሳኝና፣ አየሽ፣ ዋኘሽ እኮ ብሎ ሳቀ። ክፋት አልነበረውም። እኔ ግን 19 ዓመት ሙሉ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ውሃ ውስጥ አልገባሁም።

1ኛው ምላሽ ደቂቃም ሳይቆይ መጣ። ጸሐፊው በትሕትና ነው የጀመረው። ታሪኬን ሲያነብ ያ ቅዝቃዜ የራሱ ሆድ ላይ እንደተሰማው ነገረኝ። እሱን ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ነው። ወንድሙም እንደዚሁ ሳይነግረው ለቆታል። ልዩነቱ እሱ ሲለቀቅ መንሳፈፉ ነው። ስለዚህ ለእሱ ደስ የሚል ትዝታ ነው። አንድ ዓይነት ነገር አንዱን ዋናተኛ ሌላውን ፈሪ ማድረጉ ይገርመኛል ባይ ነው። እኔንም ይገርመኛል።

2ኛው ከአንዲት እናት ነው። እሷ ፍርሃቷ የጀመረው ገንዳ ውስጥ ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ ፀጉሯን ስትታጠብ ነበር። ውሃ በራሷ ላይ ሲፈስ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። እናቷ አንድ ዘዴ አመጡ። ሁልጊዜ እስከ ሦስት ቆጥረው ነው የሚያፈሱት። አንድም ቀን በሁለት አፍስሰው አያውቁም። ልጅቷ በሦስተኛው ላይ ዓይኗን ጨፍና መጠበቅ ለመደች። በኋላ ገንዳ ውስጥ ስትገባም በልቧ እስከ ሦስት ትቆጥር ነበር። ይህች ምላሽ አጭር ናት፤ ግን ደጋግሜ ተመለስኩባት።

3ኛው ወንዝ ዳር ያደገ ነው። አስተማሪ የሚባል ነገር አላየም። ክዳኑ የተገጠመ ባዶ ጀሪካን ታቅፎ ከጓደኞቹ ጋር ሲንቦጫረቅ ለመደ። አንድ ቀን ጀሪካኑ አመለጠው። ወደ ዳር እስኪደርስ ድረስ ማምለጡን አላወቀም። ደስ የሚል አጻጻፍ ነበረው።

4ኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። አባቱ በ5 ዓመቱ አንስተው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ወረወሩት። ተንፈራግጦ ወጣ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይዋኛል። የዛሬ ወላጆች ልጅ እያሞላቀቁ ነው፣ ፍርሃት በማባበል አይወጣም የሚል ሐሳብ ነበረው። ሕፃን ሲወለድ ዋና ያውቃል፣ የሚያስረሳው የእኛ ጭንቀት ነው ሲልም አከለ። እኔንም በአንድ መዳፍ 19 ዓመት ይፈራል እንዴ ብሎ ወረፈኝ። 5ኛውና 6ኛው ደገፉት። ሁለቱም ተወርውረው የለመዱ ናቸው።

7ኛዋ ግን አላለፈችውም። እሷም ተወርውራለች። ዛሬ አርባ ዓመት አልፏታል፤ መኪና ውስጥ ሆና ድልድይ ስታልፍ ዓይኗን ትጨፍናለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ነው። የመወርወር ትምህርት የሚሰምርለት ለተረፈውና ለማይፈራው ብቻ መሆኑን ለ4ኛው በግልጽ ነገረችው። ቃሏ ጠንከር ያለ ነበር። እኔ ግን ልክ ናት እላለሁ።

የክሩ ምሰሶ 8ኛው ምላሽ ነው። ልጆችን ዋና በማስተማር ብዙ ዓመት ያሳለፈ ሰው ነው። 4ኛውን ሳያስቀይም አረመው። አራስ ሕፃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ትንፋሹን ይይዛል፣ እጅና እግሩንም ያንቀሳቅሳል። ይህ ሳያስበው የሚመጣ የሰውነት ምላሽ ነው። 6 ወር ገደማ ሲሞላው እየጠፋ ይሄዳል። ዋና አይደለም። ሕፃኑ ራሱን ከውሃ አውጥቶ መተንፈስ አይችልምና።

ከዚያ እኔን በቀጥታ የነካኝን ነገር አነሳ። በእሱ ልምድ ልጅ በዋናነት የሚፈራው መስመጥን አይደለም። መመለሻውን አለማወቁን ነው። ስለዚህ እግር ከማንፈራገጥ በፊት፣ እጅ ከመቅዘፍ በፊት፣ መጀመሪያ የሚያስተምረው መቆምን ነው። በሆዱ የተንሳፈፈው ልጅ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ይሰበስባል። በሁለት መዳፉ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል። ራሱን ቀና ያደርጋል። ያኔ እግሩ ቁልቁል ይመጣና መሬት ያገኛል። ይህን ሃያ ጊዜ ያስደጋግመዋል። ልጁ በፈለገ ሰዓት መቆም እንደሚችል ሲያውቅ ትከሻው ይላላል።

ቀጥሎ ትንፋሽ ነው። የፈራ ልጅ አየር ስቦ ደረቱን ወጥሮ ይቀራል። አሰልጣኙ ልጁን ፊቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ በአፍንጫው እምምም እያለ እንዲያንጎራጉር ያደርገዋል። አየር እየወጣ ሳለ ውሃ በአፍንጫ አይገባም። ልጁ ግን የሚያውቀው አረፋው እንደሚኮረኩረው ብቻ ነው፤ ይስቃል።

መጨረሻ ላይ ስለ እጅ ጻፈ። እጁን ሳይናገር አንስቶ አያውቅም። መጀመሪያ ሙሉ መዳፍ ነው። ቀጥሎ ሁለት ጣት፣ ከዚያ አንድ ጣት። ከዚያ ልለቅህ ነው ይለዋል። ልጁ እሺ ካለ ይለቃል። እምቢ ካለ አይለቅም፣ በማግሥቱም ላይለቅ ይችላል።

ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ከደረቴ በማያልፍ ውሃ ውስጥ ለምን መቆም እንዳቃተኝ በደንብ የገባኝ ያኔ ነው። መቆምን ማንም አላስተማረኝም ነበር።

9ኛው ቀጭን ልጅ እንደነበረና ምን ቢያደርግ እግሩ ይሰምጥበት እንደነበር ነግሮን ለምን እንደሆነ ጠየቀ። 10ኛው ጥሩ አድርጎ አስረዳው። ሳንባ በአየር ሲሞላ አብዛኛው ሰው ከውሃ በጥቂቱ ይቀልላል። አየሩን ሲያወጣ ያቺ ብልጫ ትጠፋለች። አየሩ ያለው ደረት ውስጥ ነው፤ ክብደቱ ደግሞ ወደ ዳሌና ወደ እግር ያደላል። ስለዚህ ደረት ሽቅብ እግር ቁልቁል ይሄዳል። ስብ የሌለው ሰው ላይ ይብሳል። እጅን ከራስ በላይ መዘርጋት ሚዛኑን ይመልሳል። ራስን ቀና ማድረግ ደግሞ እግርን ያሰምጣል። የፈራ ሰው የሚያደርገው ግን ይህንኑ ነው። ፊቱ እንዳይረጥብ ራሱን ያቀናል፣ እግሩ ይወርዳል፣ እግሩ ሲወርድ ይበልጥ ይፈራል። 12ኛው ባሕር ላይ ለምዶ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ እንደደነገጠ ጨመረበት። ጨዋማው የባሕር ውሃ 1 ሊትሩ 1.025 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በቀላሉ ይሸከማል።

13ኛው ያመጣው ታሪክ ብዙ ሰው ወደደው። አሜሪካዊው ፖለቲከኛና ተመራማሪ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዋና ለመልመድ ለሚፈራ ወዳጁ በደብዳቤ የሰጠው ምክር ነው። ወዳጁ ውሃው ደረቱ እስኪደርስ ይግባ። ከዚያ ፊቱን ወደ ዳርቻው ያዙር። በእሱና በዳርቻው መካከል እንቁላል ይጣል። ዓይኑን ገልጦ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ይሞክር። ያኔ መስመጥ እንዳሰበው ቀላል እንዳልሆነ፣ ውሃው ሳይወድ በግድ ወደ ላይ እንደሚመልሰው በራሱ ሰውነት ያውቀዋል። ውሃው ወደ ዳር እያጠረ ስለሚሄድ በፈለገ ሰዓት ይቆማል። 8ኛው አሰልጣኝ ተመልሶ መጥቶ እሱም እንቁላሉን በቀለማት ቀለበት ቀይሮ ይህንኑ እንደሚያደርግ መሰከረ።

14ኛው ታዋቂ ሰዎችን ማንሳት ጀመረ። 28 የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘው ማይክል ፌልፕስ በ7 ዓመቱ ራሱን ውሃ ውስጥ መንከር ይፈራ ስለነበር በጀርባው እየተንሳፈፈ ነው የጀመረው። 15ኛዋ አሜሪካዊውን ዋናተኛ ከለን ጆንስን ጠቀሰች። በ5 ዓመቱ የውሃ መዝናኛ ቦታ ሊሰምጥ ነበር። እናቱ ከውሃ ከማራቅ ይልቅ ዋና አስተማሩት። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤይጂንግ ኦሊምፒክ ላይ በ4 ጊዜ 100 ሜትር ቅብብል ወርቅ አገኘ። 16ኛው ደግሞ የኢኳቶሪያል ጊኒውን ኤሪክ ሙሳምባኒን አስታወሰ። ዋና ከለመደ ገና ወራት ብቻ ሆኖት እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ 100 ሜትር ዋኘ። 1 ደቂቃ ከ52.72 ሴኮንድ ፈጀበት። መጨረሻዎቹን ሜትሮች ሊሰምጥ እየደረሰ ጨረሰ፤ ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበለት። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። እኔን ግን ከሜዳሊያዎቹ ይልቅ የጆንስ እናት ናቸው የያዙኝ። ልጃቸው ከሞት አፋፍ በተመለሰበት ውሃ መልሰው አስገቡት።

17ኛው ላይ 4ኛው ሰው ተመለሰ። ተቆጥቶ ነበር። ሁላችንም ስለ ስሜት ስናወራ፣ ተወርውረው የለመዱ ሰዎች እዚሁ እንዳሉና ምንም እንዳልሆኑ አስረግጦ ጻፈ።

18ኛዋ መለሰችለት። እንዲህ ያለ ምላሽ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ታናሽ ወንድሟን ጓደኞቹ ለጨዋታ ገፍትረውት ነበር። እሷ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። ሁሉም ይስቁ ነበር። እሷም ስቃለች። የተጫወተ መስሏት ነው። አልጮኸም፣ አልጠራትም። አልተረፈም። ተወርውረው ያልወጡት እዚህ መጥተው አይጽፉም ብላ ዘጋች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን ተረት ሰው ሲናገር ከዚያ ቀን ወዲህ መስማት እንደማትችል ከታች በአንድ መስመር ጨምራለች።

ከዚያ ለብዙ ሰዓት ማንም አልጻፈም።

ዝምታውን የሰበረው 19ኛው፣ የገንዳ ነፍስ አዳኝ ነው። በጣም በጥንቃቄ ነው የጻፈላት። ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን ነገራት። የሚሰምጥ ሰው የሚጮኽ የሚመስለን በፊልም ስላየን ነው። ፍራንቼስኮ ፒያ የተባለ ነፍስ አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን አጥንቶ አስረድቷል። አፍ ከውሃው በላይ ብቅ የምትለው ለአፍታ ናት። ያቺ አፍታ ለመተንፈስ እንጂ ለመጮኽ አትበቃም። እጅ ወደ ጎን ተዘርግቶ ውሃውን ይጫናል፤ ማውለብለብ አይችልም። ሰውነት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከ20 እስከ 60 ሴኮንድ ባለ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ከዳር ለሚያይ ሰው ዝም ብሎ የቆመ ልጅ ይመስላል። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ ያለ ልጅ ድንገት ዝም ሲል ነው መሮጥ።

20ኛው የዓለም ጤና ድርጅትን አኃዝ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 300,000 ሰው በመስመጥ እንደሞተ ይገመታል። ከአራቱ አንዱ ገደማ ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች ነው። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጁላይ 25ን መስመጥን የመከላከያ ቀን አድርጎ ሰይሞታል። ከ18ኛዋ ምላሽ በኋላ ይህን ቁጥር እንደ ቁጥር ማንበብ አቃተኝ።

21ኛው ለ3ኛው የጀሪካን ነገር ነበር። ነፍስ አዳኙ ራሱ ነው የጻፈው። ጀሪካን ከእጅ ያመልጣልና እሱን ታምኖ ጥልቅ ውሃ ውስጥ መግባት አይገባም። ግን ሰው ሲሰምጥ ስታዩ ተከትላችሁ አትዝለሉ፤ የሚሰምጥ ሰው የደረሰለትን ጨብጦ ይዞ ይወርዳል። ከዳር ሆናችሁ ዱላ ዘርጉለት፣ ገመድ ወይም ያንን ባዶ ጀሪካን ወርውሩለት። 3ኛው በአክብሮት አመሰገነው። 22ኛው በልጅነቱ ከውሃ ሲወጣ እግሩን ይዘው ዘቅዝቀው ውሃውን እንዳስወጡለት ሲያወራ፣ 23ኛዋ ነርስ አስቆመችው። መዘቅዘቅም ሆድ መጫንም ጊዜ ማባከን ነው። የማይተነፍስ ከሆነ ወዲያው አየር ይሰጠው፣ ከዚያ ደረቱ ይጫን። ይህን ማንም አልተከራከረም።

ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ምናልባት ሰው መተንፈስ ፈልጎ ይሆናል። አንዱ የገንዳ ሽታ ሲሸተው እስካሁን ሆዱ እንደሚገላበጥ ጻፈ። ሌላው ያ የሚያቃጥል ሽታ የክሎሪን ብቻ እንዳልሆነ አረመው፤ ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው። ጆሮ ውስጥ የቀረ ውሃ እንዴት እንደሚወጣ ሦስት ሰው ተከራከረ። 28ኛው ከጓደኞቹ ጋር ትንፋሽ የመያዝ ውድድር ከመጀመራቸው በፊት ቶሎ ቶሎ በጥልቀት ይተነፍሱ እንደነበር በናፍቆት አወራ። 29ኛው በቁጣ ነው የመለሰለት፤ ቁጣው ግን ልክ ነበር። ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከደም ያስወጣል። ተንፍስ ተንፍስ የሚያሰኘን እሱ ነው። ማስጠንቀቂያው ሳይመጣ ኦክስጅኑ ያልቅና ሰው ውሃ ውስጥ እንዳለ ራሱን ይስታል። ጎበዝ ዋናተኞች በዚህ ሞተዋል።

31ኛውና 32ኛው አዋቂ ሰው ዋና መልመድ ይችላል አይችልም በሚል ተነካከሱ። ስድብ ሲጀመር እኔ ገባሁ፤ ይህ 33ኛው ነው። በ26 ዓመቴ እንዴት እንደለመድኩ ነገርኳቸው። አስተማሪዬ ሴት ነበረች። ሦስት ቀን ሙሉ የገንዳው ደረጃ ላይ ብቻ አስቀመጠችኝ። አራተኛው ቀን በጀርባዬ አስተኛችኝ። በጀርባ ሲተኙ ጆሮ ውሃ ውስጥ ነው፤ ልለቅሽ ነው ብትለኝ አልሰማትም። ስለዚህ ተስማማን። ከመልቀቋ በፊት ትከሻዬን ሁለቴ መታ መታ ታደርጋለች። ካልፈለግኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሁለት ጊዜ ነቀነቅኩ። ጠበቀችኝ። በሦስተኛው ዝም አልኩ። ጣቶቿ ከአንገቴ ሥር ሲሄዱ ያ የማውቀው ቅዝቃዜ መጣ። የራሴን ትንፋሽ ብቻ እሰማ ነበር። ሲገባ ደረቴ ከፍ ይላል፣ ሲወጣ ዝቅ ይላል። አልሰመጥኩም።

34ኛው ያልጠበቅኩት ሰው ነው፤ 4ኛው። ድምፁ ሌላ ሆኗል። በመጀመሪያው ምላሹ ያልነገረንን ነገረን። ባለፈው ዓመት የ6 ዓመት ልጁን እሱም ወርውሮታል። ልጁ ከዚያ ወዲህ ገንዳ ሲያይ የእናቱን ቀሚስ ይዞ አይለቅም። 18ኛዋን ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ አሰልጣኙን ከየት ልጀምር አለው። አሰልጣኙም በ35ኛው ደረጃ በደረጃ መለሰለት። መጀመሪያ ልጁን ይቅርታ ይጠይቀው። ከዚያ አብረው ደረጃው ላይ ይቀመጡ፣ አባትየው ራሱ ፊቱን ነክሮ አረፋ ይንፋ። ልጁ ካልጠየቀ አይንካው።

ከ36 እስከ 41 ያሉት ምስጋናና ማበረታቻ ናቸው። 42ኛዋ 18ኛዋ ነች። ለልጁ መልካም ተመኘችለት። ሌላ ምንም አልጻፈችም።

43ኛው ከአምስት ሳምንት በኋላ መጣ። አባትየው ነው። ልጁ በጀርባው ተንሳፍፎ፣ የአባቱ ሁለት ጣት ከአንገቱ ሥር ነበር። ምልክቱን የሚሰጠው አባት እንዲሆን ነበር የተስማሙት። አባትየው ገና እያመነታ ሳለ ልጁ ትንሽ እጁን ከውሃው አውጥቶ የአባቱን ክንድ ሁለቴ መታ መታ አደረገው። ለቀቀው። ልጁ ትንሽ ርቆ ሄደ፣ ጉልበቱን ሰበሰበ፣ ውሃውን ተጫነና ቆመ። ፀጉሩ ዓይኑ ላይ ወርዶ ነበር። ጠረገውና ድገመኝ አለው።